ኃይለኛ ሁሉ ይጮኻል እንዴ?

ከመካከላችን አንዱ አምና ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ገዛ። ቀን የሰርግ ፎቶ ሊያርምበት፣ ማታ ጌም ሊጫወትበት ነው (ቅደም ተከተሉ እሱ እንደሚለው ነው፤ እኛ የለንበትም)። ዓመት ሙሉ ካጠራቀመው ገንዘብ የተረፈው የታክሲ ብቻ ነበር። ማሽኑን አምጥቶ አበራው፣ ፎቶዎቹን ከፈተ፣ ቤቱ ወፍጮ ቤት ሆነ። ከመጋረጃው ወዲያ ለፈተና የምታጠናው ታናሽ እህቱ ደብተሯን ይዛ ጎረቤት መሄድ ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ሻጩ ዘንድ ሄዶ ቢያማርር የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ «ወንድሜ፣ የገዛኸው ኃይለኛ ማሽን እኮ ነው። ኃይለኛ ደግሞ ይጮኻል።»

ይህቺ መልስ አልዋጥልን አለች። እኛ ያደግነው የሚጮኸው ባዶ በርሜል ነው ሲባል እየሰማን ነው። ስለዚህ የሻጩን ቃል ይዘን የኮምፒዩተርን ታሪክ ወደ ኋላ አገላበጥነው። ያገኘነውን ከመናገራችን በፊት ግን ለሻጩ አንድ ነገር እንመስክርለት፤ እሱ ያለውን በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎችም ለዓመታት አምነውበታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጩኸቱ ከየት መጣ?

ኮምፒዩተር የሚበላው ኤሌክትሪክ በመጨረሻ የሚሆነው ሙቀት ነው። አምፖል ቢያንስ ብርሃን ይሰጣል፤ ፕሮሰሰር ግን ስሌቱን ከሠራ በኋላ የበላውን ሁሉ በሙቀት ይመልሰዋል። ያ ሙቀት ካልወጣ ቺፑ ይቃጠላል ወይም ራሱን ያጠፋል። ፋን የመጣው ለዚህ ነው። እንግዲህ የፋን ጩኸት የጉልበት ድምፅ ሳይሆን የሙቀት ድምፅ ነው ማለት ነው። ይህን ልዩነት ያዙልን፤ ታሪኩ በሙሉ የሚያጠነጥነው በእሱ ላይ ነው።

በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፓወር ሰፕላይ 63.5 ዋት ብቻ ነበር የሚሰጠው። ፋን የነበረውም ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ነው። 8088 የተባለው ፕሮሰሰር ራሱ በላዩ አንዲት ብረት እንኳን ሳይደረግበት ራቁቱን ይሠራ ነበር። በ1993 ፔንቲየም ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። በቺፑ ላይ ሙቀት የሚበትን ባለ ክንፍ ብረት፣ በብረቱ ላይ ደግሞ ትንሽዬ ፋን መቀመጥ ተለመደ። ትንሽ ፋን በቂ አየር ለመግፋት በጣም መፍጠን አለበት፤ ስለሚፈጥንም እንደ ትንኝ ይጮኻል። ቢሮዎች ሁሉ ያን ድምፅ የለመዱት በዚያ ዘመን ነው።

ፋን የተከለከለበት ቤት

ጩኸቱን አምርሮ የጠላ አንድ ሰው ነበር። የአፕል መሥራች ስቲቭ ጆብስ በማሽኖቹ ውስጥ ፋን እንዲኖር አይፈልግም ነበር። በ1977 በአፕል 2 ፍላጎቱ ሰመረለት። የሰመረለት ግን ስለከለከለ አይደለም። ሮድ ሆልት የሚባል መሐንዲስ ከተለመደው ያነሰ የሚሞቅ ፓወር ሰፕላይ ስለሠራለት ነው። ሙቀቱ ሲቀንስ ፋኑ ሥራ አጣ።

በ1980 አፕል 3 ለነጋዴዎች ተብሎ ሲሠራ ግን ነገሩ ተገለበጠ። መጀመሪያ ፋን እንዳይኖር ተወሰነ፤ ሙቀቱን ወፍራሙ የአሉሚኒየም ገላው ይውጠው ተባለ። ውስጡ ተጨናንቆ የታጨቀው ማሽን ሲግል ቺፖቹ ከመሰኪያቸው እየተንሸራተቱ ይወጡ ጀመር። ለደንበኞች የተሰጠውን ምክር ብንነግራችሁ አታምኑንም፤ ኮምፒዩተሩን ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት ነበር የተባለው! ሲወድቅ ቺፖቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። በኋላ አንዳንድ መሐንዲሶች ጥፋቱ የሙቀት ብቻ ሳይሆን የቦርዱና የመሰኪያዎቹም ነበር ብለዋል፤ እውነት ይኖረዋል። ሆኖም ኩባንያው የመጀመሪያዎቹን 14,000 ያህል ማሽኖች ለመቀየር ተገደደ፤ የአፕል 3 ስምም ከዚያ ወዲያ አላንሰራራም። በ1984 ምርቱ ቆመ።

በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽም ፋን አልነበረውም። አንዳንዱ ባለቤት በማሽኑ አናት ላይ የሚቀመጥ ከካርቶን የተሠራ ጭስ ማውጫ እየገዛ ይጠቀም ነበር። ጆብስ በ1985 ከኩባንያው ለቀቀ፤ በ1987 ማኪንቶሽ ኤስኢ ፋን ይዞ ብቅ አለ።

ጆብስ ሲመለስ ሕልሙም አብሮት ተመለሰ። በ2000 የወጣው ፓወር ማክ ጂ4 ኪዩብ ቀዝቃዛ አየር ከታች ገብቶ፣ ሲሞቅ በራሱ ወደ ላይ የሚወጣበት ውብ ማሽን ነበር፤ ፋን አልነበረውም። መነሻ ዋጋው 1,799 ዶላር ነበር። ከእሱ በረከሰ ዋጋ የሚገኘው ትልቁ ማክ ግን ካርድ የሚጨመርበት ሰፊ ቦታ ነበረው። ኪዩቡ ዓመት ቆይቶ በ2001 ተቋረጠ። የሚገርመው የሚከተለው ነው። በ2002 ያው ኩባንያ ያወጣው ፓወር ማክ ጂ4 ከጩኸቱ የተነሳ ተጠቃሚዎች «የነፋስ ዋሻ» የሚል ቅጽል አወጡለት። በሁለት ዓመት ውስጥ ከዝምታ ወደ አውሎ ነፋስ! በአዋጅ ጸጥ የተደረገ ነገር አንድ ቀን በሌላ በኩል መጮኹ አይቀርም።

የጊጋኸርትዝ ሩጫ

አፕል ጩኸቱን ለመከልከል ሲታገል ኢንቴልና ኤኤምዲ ደግሞ ሙቀቱን ረስተው ይሮጡ ነበር። በመጋቢት 2000 ኤኤምዲ 1 ጊጋኸርትዝ ላይ ቀድሞ ደረሰ፤ ኢንቴል ከሁለት ቀን በኋላ ተከተለ። ማስታወቂያው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር የሚያውቀው። ገዢውም «ስንት ጊጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ ለመደ (እኛም ከጠያቂዎቹ ነበርን)። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጣው ፔንቲየም 4 የተነደፈው ቁጥሩ ከፍ እንዲልለት ነበር።

ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። የቺፕ ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በስኩዌር ይጨምራል። ቺፕ ከልኩ በላይ እንዲሮጥ ሲፈለግ ሁለቱም አብረው ከፍ ይላሉ። ስለዚህ የመጨረሻዋ ትንሽ ፍጥነት ከሁሉ የበለጠ ሙቀት ታስከፍላለች። የኢንቴሉ ፓት ጌልሲንገር በ2001 ባደረገው ንግግር ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የቺፖች ሙቀት በስፋታቸው ሲሰላ እንደ ኑክሌር ማብላያ፣ ቀጥሎም እንደ ሮኬት አፍ እንደሚሆን አስጠንቅቆ ነበር። ኩባንያው ግን መሮጡን አላቆመም። በ2004 ፕሬስኮት የተባለው የፔንቲየም 4 ትውልድ እስከ 115 ዋት ደረሰ። በየቤቱ ያለው ኮምፒዩተር ሊነሳ እንደተዘጋጀ አውሮፕላን የሚጮኸው ያኔ ነበር።

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። ኢንቴል በጥቅምት 2004 ቃል የገባበትን ባለ 4 ጊጋኸርትዝ ፔንቲየም 4 ሰረዘ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ክሬግ ባሬት በአንድ ጉባኤ መድረክ ላይ በቀልድ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ።

መፍትሔው የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። በሃይፋ፣ እስራኤል፣ የነበረው የኢንቴል ቡድን ለላፕቶፕ የሚሆን ፔንቲየም ኤም የተባለ ፕሮሰሰር ሠርቶ በ2003 አውጥቶ ነበር። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ማባከን አይችልም፤ ያ እጥረት ቁጠባን አስተማረ። ከዚያ የዘር ሐረግ በ2006 ኮር 2 ዱዎ ተወለደ። ባለ 2.4 ጊጋኸርትዙ ኮር 2 ዱዎ በ65 ዋት እየሠራ ባለ 3.8 ጊጋኸርትዙን ፔንቲየም 4 በለጠው። ቁጠባ የተማረው ታናሽ የአባካኙን ታላቅ ቤት ወረሰ እንበል። የሻጩ አባባል በዚህ ቀን ተሸነፈ፤ ጸጥ ያለው ማሽን ከሚጮኸው ፈጣን ሆኖ ተገኘ።

በግራፊክስ ካርድ መንደር

ጌም የምትወዱ ደግሞ ይህን ታስታውሱ ይሆናል። በ1996 የወጣው የ3ዲኤፍኤክስ ቩዱ ካርድ ፋን አልነበረውም። በ1999 ጂፎርስ 256 በትንሽ ፋን መጣ። በ2003 ኤንቪዲያ ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራን ሲያወጣ ጩኸቱ ከፀጉር ማድረቂያና ከቤት መጥረጊያ ማሽን ጋር ተነጻጸረ። የኩባንያው ሠራተኞች ራሳቸው በካርዳቸው የሚያላግጥ ቪዲዮ ሠሩ። አስቂኙ ነገር፣ ከእሱ በፊት በ2002 የወጣው የኤቲአይ ራዲዮን 9700 ፕሮ ጸጥ ያለ ሆኖ ሳለ በብዙ ጌሞች አልተበለጠም ነበር። ኤንቪዲያም በወራት ውስጥ ምትኩን አወጣ። ጩኸት ጉልበት ቢሆን ኖሮ ያን ዓመት ኤንቪዲያን የሚደርስበት ባልነበረ።

ጸጥታው እንዴት ተመለሰ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሙቀቱ ከምንጩ ሲቀንስ የቀረውን በዝግታ ማስወጣት ተቻለ። የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ለጆሯችን 10 ዴሲቤል ሲወርድ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ስለሚሰማን ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ከባለ 80ው ከሁለት እጥፍ በላይ ስፋት አለው፤ ስለዚህ ያንኑ አየር በዝግታ ይገፋል። ኬዞች ከትንሽና ፈጣን ፋን ወደ ትልቅና ዝግተኛ ፋን የተሸጋገሩት በዚህ ምክንያት ነው። በ2001 ሲጌት በባራኩዳ 4 ሃርድ ዲስኩ የብረት ኳስ ሳይሆን ፈሳሽ ያለበት ማሽከርከሪያ ተጠቅሞ የዲስክን ሲርሲርታ ቀነሰ፤ ኋላም ኤስኤስዲ መጥቶ ጨርሶ አጠፋው።

እንግዲያው ዛሬ ምን እንምረጥ?

ድሮ ፎቶ አራሚና ጌም ተጫዋች የሚፈልጉት ማሽን የተለያየ ነበር። አራሚው የሚያስበው ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ራም ነበር። ፎቶሾፕ በ2008 በግራፊክስ ካርድ መጠቀም ጀመረ፤ ላይትሩም ደግሞ በ2023 የምስልን ጉርብጥብጥ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲያጸዳ ሸክሙን የጣለው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ስለዚህ የሁለቱ መንገድ ተገናኝቷል። ሙቀቱም እንደገና ተመልሷል። በ2025 የወጣው አርቲኤክስ 5090 ካርድ ብቻውን እስከ 575 ዋት ይበላል፤ ይህ የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ፓወር ሰፕላይ ከሚሰጠው ዘጠኝ እጥፍ ነው።

ከታሪኩ የቀዳነው ምክር ይኸውና።

አንደኛ፣ ስትገዙ «ስንት ጊጋ ነው?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ዋት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በ2023 የወጣው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ በ120 ዋት ደረጃ ሆኖ፣ እስከ 253 ዋት ከሚወስደው ከኢንቴል ኮር አይ9 13900ኬ ጋር በጌም ተስተካክሏል፤ ብዙ ጊዜም በልጦታል። የተጠቀመበት ዘዴ ሩጫ ሳይሆን ቺፑ ላይ የተደረበ ተጨማሪ ካሽ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎችን በአንዴ ለሚያወጣ ሰው ግን ብዙ ኮር ያለው ይሻለዋል፤ ሥራችሁን አስቀድማችሁ መዝኑ።

ሁለተኛ፣ ለሙቀቱ ቦታ ስጡት። ፊቱ በመስታወት የታፈነ ኬዝ ሳይሆን አየር የሚያስገባ፣ ባለ 120 ወይም 140 ሚሊሜትር ፋን ኬዝ ምረጡ። ግራፊክስ ካርዱም ትልቅ ማቀዝቀዣ ያለው፣ ሥራ ሲቀል ፋኑ ጨርሶ የሚቆም ይሁን። ፎቶ ስታርሙ አብዛኛውን ሰዓት ዝም ይላችኋል።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻዋን ፍጥነት ተዉአት። የካርዱን የኃይል ጣሪያ ከ100 ወደ 80 በመቶ ብታወርዱት የምታጡት ፍጥነት ከ20 በመቶ እጅግ ያነሰ ነው። ሞኒተራችሁ በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ከሆነም ጌሙን 60 ላይ ገድቡት፤ የማታዩትን ምስል ለመሥራት ምን ያስጮኸዋል?

አራተኛው ለአዲስ አበቤ ብቻ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን ያልፋል፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ስትመርጡ ከሚያስፈልጋችሁ አንድ ደረጃ ከፍ በሉ፤ አቧራውንም በየጥቂት ወሩ አስወግዱ።

ወዳጃችን አዲስ ማሽን የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። የፕሮሰሰሩን ትንሽ ፋን አውጥቶ ባለ 120 ሚሊሜትር ማቀዝቀዣ አስገባ፣ የካርዱን ኃይል ዝቅ አደረገ፣ የኬዙን የፊት ክዳን አነሳ። ማሽኑ ዛሬም ያንኑ ፎቶ ያርማል፣ ያንኑ ጌም ያጫውታል። እህቱም ደብተሯን ይዛ ወደ ቤት ተመልሳለች። አሁን የምታማርረው ጌም ሲጫወት ስለሚጮኸው ስለ ወንድሟ ነው፤ ለእሱ የሚሆን ማቀዝቀዣ እስካሁን አላገኘንም።

ቸር እንሰንብት።