ፊታውራሪ መሸሻን ማን ይሥራቸው?

ፈረንጆች ትልልቅ ፊልሞቻቸውን የሚያወጡት በበጋቸው ነው። የእነሱ በጋ ለእኛ ክረምት፣ ጎጃም በጭቃ የሚያዝበት ወር መሆኑ ነው እንግዲህ። ልማዱን ሥር ያስያዘው በሰኔ 1967 ዓ.ም. የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ የሻርክ ፊልም «ጆውስ» ነው ይባላል፤ መነሻው የፒተር ቤንችሊ ልብ ወለድ ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ በእኛ አገር የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ የነፊታውራሪ መሸሻ ዓለም በአዋጅ ተዘጋ። ፊታውራሪው ራሳቸው ግን መጽሐፍ ውስጥ ከገቡ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸው ስለነበር አዋጁ አላገኛቸውም።

እኛም እንግዲህ የምንጠብቀው ፊልም አለን። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1957፣ የመጀመሪያው ባለሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ለተመልካች ቀርቧል። ልብ ወለዱና ሲኒማችን እኩያሞች ናቸው ማለት ነው። ሁለቱ ግን በትልቁ የሲኒማ መጋረጃ ላይ ሳይገናኙ አረጁ። ደራሲውም በ1996 ዓ.ም. አረፉ።

ምክንያቱ መቼም ገንዘብ ነው። ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ለመጨረስ 14 ዓመት ፈጅቶበታል፤ በ2000 ዓ.ም. መገባደጃ በቬኒስ፣ በ2001 ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ተሸለመበት። የገበሬ ጦር፣ የባላባት ግቢ፣ የቅኔ ቤትና የዓባይ በረሃ ያለበት ታሪክ ስንት ዓመት ሊፈጅ ነው?

ለነገሩ ገንዘቡ ቢገኝስ? የእኔ የመጀመሪያ ፍርሃት ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ወጋየሁ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው ፊታውራሪውም፣ ጉዱ ካሳም፣ ሰብለ ወንጌልም ድምፅ አገኙ። በ1982 ዓ.ም. ሲሞት ድምፆቹን ይዞ አልሄደም፤ ካሴት ላይ፣ ኋላም ስልክ ላይ ቀሩ። ማንም ተዋናይ «እኔ ፊታውራሪ መሸሻ ነኝ» ብሎ ቢነሣ፣ አድማጩ ዓይኑን ጨፍኖ ከወጋየሁ ጋር ያመዛዝነዋል። በቅርብ ዓመታት ታሪኩ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ሲመጣ ክርክሩ ከየት እንደሚጀምር አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ምስኪን ተዋንያን!

ሁለተኛው ፍርሃት የአገሬው ሰው ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ደራሲው ከራሱ አፍልቆ የፈጠረው አገር አይደለም፤ ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ ያለ ቦታ ነው። ከቢቸና በመርጡለ ማርያም አድርጎ እስከ ሞጣ ያለው አንባቢ የቆላውንና የደጋውን መልክ፣ የካህኑን አነጋገር፣ የባላባቱን አረማመድ ያውቀዋል። ለዚህ ሰው የአዲስ አበባ ልጅ የጎጃምን ለዛ ሊያስመስል ሲንተፋተፍ ማየት ከባድ ነው። ሥዕል ፈላጊ ግን እዚሁ ምን ይቸግረዋል? መርጡለ ማርያም ላይ እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ቅርጽ የወጣላቸው ድንጋዮች ዛሬም አሉ። በካርቶን ግንብ መገንባት አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ፊልም ሠሪው ፍቅሩን ወስዶ ሌላውን እንዳይተወው ነው። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል መዋደድ ብቻውን ለሲኒማ ይበቃል፤ ያስለቅሳል፣ ትኬትም ያስቆርጣል። መጽሐፉ ግን የግብር መጽሐፍም ነው። የዲማ ገበሬዎች ፊታውራሪው የጫኑባቸውን ትርፍ ግብር «አንከፍልም» ብለው ሲያምጹ፣ በአበጀ በለው መሪነት ጌታቸውን ሲማርኩ፣ ያንን ማሳጠር ይቻላል፤ መዝለል ግን አይቻልም። ልጅቱ ያለ ባል የቀረችበት ምክንያትና ገበሬው ከጎተራው የተዘረፈበት ምክንያት አንድ ነው፤ የሁለቱም ሥር የአንድ ሰው የዘር ኩራት ነው። ጉዱ ካሳ ሲናገር ካሜራው ዝም ብሎ የሚጠብቅበት አምስት ደቂቃም ያስፈልጋል። ይህን የሚፈቅድ አከፋፋይ ይኖር ይሆን?

ይህን ሁሉ ፈርቼም ቢሆን ፊልሙ በተነገረ ቀን ትኬት ቆራጩ ዘንድ ከፊት ከሚሰለፉት አንዱ እኔ ነኝ። ከኋላዬ የሚሰለፈው ሰው የወጋየሁን ድምፅ በጆሮው ሰክቶ ካልመጣ ብቻ።