በአንዲት ጥርስ ላይ የቆመ ስም

ፈርዲናንድ ሄይደን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ምድር ተመራማሪ በ1855 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ሞንታና በሚባለው ግዛት፣ በጁዲት ወንዝ አካባቢ ከሰበሰባቸው ቅሪተ አካሎች መካከል አንዲት ትንሽ ጥርስ ነበረች። ጠርዞቿ እንደ መጋዝ ጥርሳም ናቸው። በፊላዴልፊያ ይኖር የነበረው ሊቅ ጆሴፍ ላይዲ በ1856 መርምሮ «ትሮዶን ፎርሞሰስ» ሲል ሰየማት፤ ትሮዶን «የሚያቆስል ጥርስ» ማለት ነው። ባለቤቷንም ከእንሽላሊቶች ወገን መደበው። ዳይኖሰር የሚለው ቃል ራሱ ከተፈጠረ ገና 14 ዓመቱ ስለ ነበረ ላይዲ በዚህ ሊወቀስ አይገባውም።

እንስሳትን ለመሰየም በተደነገገው ሥርዓት መሠረት የአንድ ዝርያ ስም ከአንድ ከተወሰነ ናሙና ጋር ተሳስሮ ይኖራል። ለእኛ ለመሐንዲሶች ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ከ1889 እስከ 1960 ድረስ የሜትር ልክ የሚታወቀው በፓሪስ አጠገብ ተጠብቆ በሚኖር አንድ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ዘንግ ነበር። ነገር ግን መለኪያ መለኪያ የሚሆነው አንዱን ከሌላው ለመለየት ሲበቃ ብቻ ነው። የትሮዶን መለኪያ አንዲት ጥርስ ሆነች፤ ከዚህ በኋላ የተከተለው ግራ መጋባት ሁሉ፣ በእኔ አስተያየት፣ የዚሁ ውጤት ነው።

በ1924 ቻርልስ ጊልሞር ጥርሷን የራስ ቅላቸው እንደ ጉልላት ከወፈረ ቅጠል በል ዳይኖሰሮች ጥርስ ጋር አመሳስሎ፣ ለእነዚያ እንስሳት የትሮዶንን ስም ሰጣቸው። አዳኙ አውሬ ለ21 ዓመት ያህል ቅጠል በል ሆኖ ኖረ ማለት ነው! ስሕተቱን በ1945 ያረመው ካናዳዊው ቻርልስ ስተርንበርግ ነው። ይኸው ሰው ቀደም ሲል በ1932 በአልበርታ ከተገኙ የእግር፣ የእጅና የጅራት አጥንቶች ተነሥቶ «ስተኖኒኮሳውረስ» የተባለ ሌላ አዳኝ ሰይሞ ነበር። በ1987 ፊሊፕ ከሪ በጥርሶቹ መካከል የሚታየው ልዩነት ከመንጋጋ ላይ ካላቸው ቦታና ከእንስሳው ዕድሜ የመጣ ነው ሲል ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። ቀድሞ የተሰጠ ስም የሚጸና በመሆኑም ትሮዶን አሸነፈ።

ከዚያ ወዲህ ስሙ ባለጸጋ ሆነ። ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ የሆነው አንጎሉና ሰፋፊ ዓይኖቹ ተነገሩለት። በሞንታና «የእንቁላል ተራራ» በሚባለው ስፍራ የተገኙትና ለአንድ ቅጠል በል ዳይኖሰር ተሰጥተው የነበሩት እንቁላሎችም፣ በውስጣቸው ያለው ሽል እንደገና ተመርምሮ፣ በ1996 ወደ እርሱ ተመለሱ።

ላባውስ? በትሮዶን ቅሪት ላይ ላባ አልተገኘም። በ2005 ከቻይና ሄበይ ክፍለ ሀገር ከነላባው ተገኝቶ በመጀመሪያ ወፍ ነው የተባለው ጂንፌንጎፕተሪክስ ግን የዚሁ ቤተሰብ አባል መሆኑ ተረጋገጠ። ሌሎቹ የቅርብ ዘመዶቹም ባለላባ ናቸው። ከሁለቱም ወገን በታወቁ ነጥቦች መካከል ያለውን መገመትና ከአንዲት ጥርስ ተነሥቶ ሙሉ እንስሳ መሥራት እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና፣ የላባው ግምት ተገቢ ይመስለኛል።

በ2017 ጉዳዩ እንደገና ተከፈተ። ከግንባር አጥንቶች የተገኘው ማስረጃ በአልበርታ ከአንድ በላይ ዝርያ እንደ ነበረ አሳየ፤ ጥርሳቸው ግን አይለያይም። ከሪ ራሱ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር በጻፈው ጥናት ስተኖኒኮሳውረስን ወደ ቀድሞ ስሙ መለሰው። ስለ ትሮዶን ስም መጽናት ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ጥርሷ በፊላዴልፊያ የተፈጥሮ ሳይንስ አካዳሚ ስብስብ ውስጥ በቁጥር 9259 ተመዝግባለች።