ገላባት ከቦምብ በኋላ

ከገዳሪፍ ወደ መተማ የተጓዘ ሁሉ ገላባትን ያውቃታል። በሱዳን በኩል ገላባት፣ በኢትዮጵያ በኩል መተማ፣ መሃላቸው እኛ እዚህ ኾር የምንለው በበጋ የሚደርቅ ጅረት ነው። ብዙዎቻችን ስናልፍ ያየነው ገበያዋን ነው። ይቺ ቦታ ስንት ጊዜ ፈርሳ እንደ ተነሳች ግን ብዙም አንጠይቅም።

ገበያዋ የቆየ ነው። ድሮ ከደጋው ቡናና ሰም ይወርድባታል፤ ያሳዝናል እንጂ ሰውም ይሸጥባት ነበር። በ1879 ዓ.ም. የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር አቃጠላት። በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወደቁት እዚያው መተማ ላይ ነው። በ1894 ዓ.ም. በምኒልክና በእንግሊዝ ውል ድንበሩ ሲሰመር ቦታው ለሁለት ተከፈለ፤ ገበያተኛው ግን ኾሩን መሻገሩን አልተወም።

ከዚያ የአውሮፕላን ጦርነት መጣ። ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ገላባትን ያዘ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጋት ላይ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቧት፣ የብሪጋዴር ስሊም ጦርም ምሽጉን ያዘ። ወዲያው ደግሞ የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ያንኑ ቦታ ደበደቡት፤ ስሊምም ለማፈግፈግ ተገደደ። አንዲት ትንሽ ከተማ ከሁለቱም ወገን ቦምብ ወረደባት።

ጣሊያን ከመተማ የወጣው ጥር 23 ቀን 1933 ዓ.ም. ሌሊት ነው። ታዲያ ጦሩ ሲሄድ ፈንጂው ቀረ! ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የሚባል ወጣት ሕንዳዊ መኮንን በ4 ቀን ውስጥ 88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ 15 የፈንጂ ቦታዎችን አስጠረገ። የተሳፈረበት መኪና ሁለት ጊዜ ፈንድቶበታል። ጎንደር ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። መንገዱ እስከ ጎንደር ድረስ ለነጋዴ የተከፈተው ከዚያ ወዲያ ነው። ነጋዴ እግሩን ያለ ፍርሃት ማሳረፍ ካልቻለ ገበያ አይቆምማ!

በ2013 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ የሸሹ ወገኖች ወደ ገዳሪፍ መጡ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ካርቱም ላይ ሲነሳ ብዙ ሰዎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። ትናንት ያስጠለለ ዛሬ ተጠለለ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር የጄኔራሎቹን ስም ብቻ አናስጠናቸው፤ መንገድ የጠረገውንም፣ ገበያ የመለሰውንም እናስታውሳቸው።

ለውይይት፦ በእናንተ ከተማ ከጦርነት በኋላ መጀመሪያ የተከፈተው ምንድን ነው? ወፍጮው፣ ገበያው ወይስ ትምህርት ቤቱ? ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉልን።