ከጎራዴ ወደ እርፍ፤ የሻምበል ማይልስ ስታንዲሽ ታሪክ

በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የወታደር ስም አዘውትሮ የሚነሣው ስለ ተዋጋው ጦርነት ነው። ጦሩ ካበቃ በኋላ ያ ሰው በምን ሥራ እንደ ኖረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልገልጽላችሁ የምሞክረው ከእንግሊዝ አገር ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሰዶ የአንድ ትንሽ ቅኝ አገር የጦር አዛዥ ስለ ነበረና በመጨረሻ ገበሬ ሆኖ ስለ ሞተ ሰው ነው። ስሙም ማይልስ ስታንዲሽ ይባላል። የማመለክታቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስታንዲሽ የተወለደው በ1584 ገደማ ሲሆን፣ በወጣትነቱ በሆላንድ አገር በወታደርነት አገልግሏል። እዚያም ስለ ሃይማኖታቸው ከእንግሊዝ ተሰደው በላይደን ከተማ ከተቀመጡ ሰዎች ጋር ተዋወቀ። እነዚህ ስደተኞች ወደ አሜሪካ ለመሄድ በቈረጡ ጊዜ የጦር ሥራ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸው ስለ ነበረ፣ እርሱም ከሚስቱ ከሮዝ ጋር አብሮ ተነሣ። በ1620 መስከረም ወር 102 መንገደኞች ሜይፍላወር በምትባል መርከብ ተሳፍረው ከሁለት ወር በላይ በባሕር ላይ ከተንገላቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ጠረፍ ደረሱ። የሠፈሩበትንም ስፍራ ፕሊማውዝ አሉት።

የመጀመሪያው ክረምት እጅግ ከባድ ነበረ። ከመጡት ሰዎች ግማሽ ያህሉ በብርድና በበሽታ አለቁ፤ ሮዝም በ1621 ጥር ወር ሞተች። በዚያ መከራ ጊዜ በጤና የቀሩት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ብቻ እንደ ነበሩ፣ ከእነርሱም አንዱ ስታንዲሽ እንደ ነበረ የሠፈሩ ገዢ ዊልያም ብራድፎርድ ጽፏል። ሻምበሉ እንጨት እየተሸከመ፣ እሳት እያነደደ፣ የሕሙማንን ልብስ እያጠበ ሌሊትና ቀን አገለገለ። ሥራን ሳይንቅ መሥራቱ በኋላ ለደረሰበት የግብርና ሕይወት መጀመሪያ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

ሠፈሩ የተሠራበት መሬት ግን ባለቤት የሌለው ጠፍ መሬት አልነበረም። ፓቱክሴት የሚባል የዋምፓኖአግ ሕዝብ መንደር ነበረ፤ ከ1616 እስከ 1619 ባለው ጊዜ የገባ ወረርሽኝ ነዋሪዎቹን ስለ ፈጃቸው ነበር ባዶ ሆኖ የተገኘው። ከዚያ መንደር ተወላጆች አንዱ ስኳንቶ ነው። በ1614 አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ አፍኖ ወደ እስጳንያ ስለ ወሰደው ከሞት ተርፎ፣ ሲመለስ ወገኖቹን አጣቸው። ይኸው ሰው በቆሎ እንዴት እንደሚተከልና አሣ በሥሩ ቀብሮ መሬትን ማዳበር እንዴት እንደሚቻል ለስደተኞቹ አስተማራቸው። በ1621 በሬ ስላልነበራቸው መሬቱን በእጃቸው ቈፍረው 20 ኤከር በቆሎ፣ 6 ኤከር ገብስና አተር ዘሩ። በቆሎው አማረ፤ ገብሱ መካከለኛ ሆነ፤ ከአገራቸው ያመጡት አተር ግን ለመሰብሰብ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። እንግዲህ ያን ዓመት ያዳናቸው የዚያች ምድር እህልና የዚያች ምድር ሰው ዕውቀት ነው።

አሁን የምጽፈው የሻምበሉን ክፉ ሥራ ነው። በ1623 የማሳቹሴት ሰዎች ሊያጠፏችሁ ይመክራሉ የሚል ወሬ በመጣ ጊዜ፣ ስታንዲሽ ስምንት ሰዎች አስከትሎ ወደ ዌሳጉሴት ሄደ። ፔክሱኦትንና ዊቱዋማትን ከሌሎች ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ካገኘ በኋላ በሩ ተዘግቶ በጩቤ ተገደሉ። የዊቱዋማትም ራስ ተቈርጦ በፕሊማውዝ ምሽግ ላይ ተሰቀለ። በላይደን የቀረው ቄሳቸው ጆን ሮቢንሰን ይህን ሲሰማ አዝኖ የወቀሳ ደብዳቤ ጻፈ። የአካባቢው ሕዝብም ፈርቶ ወደ ረግረግ ሸሸ፤ ዘሩን መዝራት ስላልቻለ ብዙ ሰው በረኃብና በበሽታ ሞተ። አንድ ጎራዴ የስንቱን እርሻ ጦም እንዳሳደረ ከዚህ እንረዳለን።

በ1624 ሦስት ጊደሮችና አንድ ኮርማ በመርከብ ወደ ፕሊማውዝ ገቡ። በ1627 የሠፈሩ ሰዎች ከብቱን ሲካፈሉ በ12 ክፍል ተመደቡ፤ በየክፍሉም 13 ሰዎች ነበሩ። በመሬቱም ድልድል ለእያንዳንዱ ድርሻ 20 ኤከር ተሰጠ፤ ይህም 8 ሄክታር፣ ማለት የጋሻ መሬት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ስታንዲሽ በ1623 ከመጣችው ከሁለተኛ ሚስቱ ከባርባራ ጋር በኋላ ደክስበሪ በተባለው ስፍራ፣ በባሕር ዳር ባለ ኮረብታ አጠገብ እርሻ አቀና። ገዢው ብራድፎርድ ሕዝቡ ለከብትና ለመሬት ሲል ከቤተ ክርስቲያኑ ተለይቶ ይበተናል ብሎ አዘነ። ስለዚህ በ1632 ስታንዲሽና ጓደኞቹ በክረምት ወደ ከተማው ተመልሰው ለመኖር ቃላቸውን በጽሑፍ ሰጡ። ነገር ግን የለማ መሬት ባለቤቱን ይስባልና ደክስበሪ በ1637 ራሷን የቻለች ከተማ ሆነች።

በ1635 ስታንዲሽ ፈረንሳዮች የያዙትን የንግድ ሠፈር ለማስለቀቅ ወደ ፔኖብስኮት ዘምቶ ሳይሳካለት ተመለሰ። በመጨረሻ ዘመኑ የቅኝ አገሩ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሠራ፤ እርሻውንም አልተወም። ጥቅምት 3 ቀን 1656 በሞተ ጊዜ የተጻፈው የንብረት መዝገብ ጠቅላላ ዋጋው 358 ፓውንድ ከ7 ሽልንግ ነበረ። በመዝገቡም ውስጥ ጠመንጃና ጎራዴ ከአራት በሬዎች፣ ከላሞች፣ ከበጎችና ከፈረሶች ጋር፣ የቄሣር የጦር ታሪክም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ይገኛሉ። በኑዛዜው የጠየቀው ግን የጀግና ሐውልት አይደለም፤ ከሞተችው ልጁ ከሎራና ከምራቱ ከማሪ አጠገብ እንዲቀብሩት ብቻ ነው።

በ1621 ከዋምፓኖአግ አለቃ ከማሳሶይት ጋር የተደረገው የሰላም ውል ስታንዲሽ እስኪሞት ድረስ ጸንቶ ቆይቷል። ዳሩ ግን የሠፋሪዎቹ እርሻ እየሰፋ የባላገሩ መሬት እየጠበበ ሄደ። በ1675 የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም ጦር አነሣና ያ ሰላም ፈረሰ።

የተከበራችሁ አንባብያን፣ የዚህን ሰው ታሪክ ስናነብ ሕሙማንን ማስታመሙን አንርሳ፤ በዌሳጉሴት ያፈሰሰውንም ደም አንሸፍን። ከጎራዴ ወደ እርፍ መመለስ መልካም ነው። ነገር ግን እርፉን የያዘ ሁሉ የሚያርሳት ምድር የማን እንደ ነበረች፣ መዝራትንም ማን እንዳስተማረው መጠየቅ ይገባዋል። ታሪክ የምንማረውም ይህን ለመጠየቅ እንድንችል ነው።