በጥር የታጨደ በረዶ

ሰፈራችን ውስጥ የሚያፈስ ጣሪያ የሚጠግኑ አንድ ጋሼ አሉ። ሰኔ ሲገባ እሳቸውን ማግኘት ሚኒስትር ከማግኘት ይከብዳል። ሰው ጣሪያው ትዝ የሚለው የመጀመሪያው ጠብታ አልጋው ላይ ሲያርፍ ነዋ! መስከረም ሲጠባ ግን ስልካቸው ጭጭ ይላል። ባለፈው ጥቅምት ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸውና "ሥራ እንዴት ነው?" አልኳቸው። "ልጄ፣ እኔ የሦስት ወር ሰው ነኝ። ዘጠኙን ወር ማን እንደሆንኩ እኔም እንጃ" አሉኝ። ተሳሳቅን። ቤት ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ምክር የመስጠት አቅም የለኝም፤ የተማርኩት ጋዜጠኝነት እንጂ ንግድ አይደለም። የማውቀው አንድ ታሪክ ነው። አንድ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ቤት ለቤት በረዶ የሚያድሉ ነጋዴዎች ነበሩ። ከጣሪያ ጠጋኝም የባሰ ወቅት የሚገዛው ሥራ ነበር፤ በሙቀት ወራት ከተማው ሁሉ ይፈልጋቸዋል፣ ብርዱ ሲመጣ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። (ከመቀጠሌ በፊት፦ "ክረምት" የሚለው ቃል እዚህ ያስቸግረናል። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ የእነሱ ኩሬው ሁሉ ድንጋይ የሚሆንበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ "ብርዱ" እያልኩ ልለፈው። ዓመተ ምሕረቶቹም የፈረንጅ ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ፍሬድሪክ ቱዶር ከሚባል የቦስተን ሰው ነው። በ1783 ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በ1806፣ የኩሬ በረዶ በመርከብ ጭኖ ካሪቢያን ውስጥ ወዳለችው ማርቲኒክ ደሴት ላከ። በረዶ እጭናለሁ የሚል ባለመርከብ ስላጣ ራሱ መርከብ ገዛ። የከተማዋ ጋዜጣ ወሬውን ሲያወጣ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ለአንባቢው ማስረዳት ነበረበት። በረዶው ደሴቲቱ ደረሰ። ችግሩ ከደረሰ በኋላ ማስቀመጫ አለመኖሩ ነው። ገዢውም በረዶ ምን እንደሚደረግበት አያውቅ። ሸቀጡ ፀሐይ ላይ ቀለጠ፣ ቱዶርም ከሰረ። በ1812 እና በ1813 በዕዳ ምክንያት እስር ቤት ገብቶ ወጥቷል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስብ ነበር። ሰውየው የጎደለው ገበያ አልነበረም፤ ሙቀት በዓለም ላይ ሞልቶ ተርፏል። የጎደለው በብርዱ ወራት ሊሠራ የሚገባው ሥራ ነው። ቀጥሎ ያሉትን ዓመታት ያጠፋውም እሱን ሲማር ነው። ግድግዳው ድርብ የሆነ፣ በመካከሉ ሙቀት የሚከለክል ነገር የተሞላበት መጋዘን መሥራት ለመደ። በረዶውን በምን እንደሚሸፍነው ሲፈልግ ሰጋቱራ ላይ ደረሰ። ሜይን በሚባለው ግዛት የእንጨት መሰንጠቂያዎቹ ሰጋቱራ የሚጥሉበት ጠፍቷቸው ነበርና ሌላው የሚደፋው ቆሻሻ ለእሱ ሀብቱን የሚጠብቅ ብርድ ልብስ ሆነለት።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ናትናኤል ዋይዝ ከሚባል ወጣት ነው። ቤተሰቡ ቦስተን አጠገብ ኬምብሪጅ ውስጥ ፍሬሽ ፖንድ በሚባል ኩሬ ዳር ሆቴል ነበራቸው። እስከዚያ ድረስ በረዶ የሚቆረጠው በመጋዝና በመጥረቢያ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ሾጣጣ። መጋዘን ውስጥ ሲከመር በመካከሉ ክፍተት ይፈጠራል፣ በክፍተቱ ሞቃት አየር ይገባል፣ ይቀልጣል። ዋይዝ በ1825 በፈረስ የሚጎተት፣ ጥርስ ያለው ማረሻ ሠራ። ኩሬው እንደ እርሻ ይታረሳል፤ መጀመሪያ በቁመት፣ ከዚያ በአግድም። የሚወጣው በረዶ እንደ ጡብ እኩል ነው፤ ሲደረደር ክፍተት የለውም። "የበረዶ አዝመራ" የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ በእርግጥም ያርሱታል፣ ያጭዱታል፣ ጎተራ ያስገቡታል።

ይኸው ሥራ በ1833 ካልካታ ድረስ ደረሰ። "ቱስካኒ" የተባለችው መርከብ 180 ቶን በረዶ ይዛ በግንቦት ከቦስተን ተነሣች። የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ አቋርጣ ከአራት ወር በኋላ ስትደርስ መቶ ቶን ያህሉ አልቀለጠም ነበር። በዚያው ዘመን ቱዶር ቡና ላይ ነግዶ ከሁለት መቶ ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ውስጥ ገባ (የቡና አገር ልጅ ሆኜ ይህን ሳነብ ትንሽ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም)። ዕዳውን ቀስ በቀስ የከፈለለት በረዶው ነው።

የበረዶ ክምር ምን ያህል እንደሚቆይ ለማመን ለሚቸግረው አንድ ምስክር አለኝ። ደራሲው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ዋልደን ኩሬ ዳር ጎጆ ሠርቶ በሚኖርበት ጊዜ፣ በ1846 እና በ1847 መካከል ባለው ብርድ፣ መቶ ያህል አይሪሻውያን ሠራተኞች መጥተው ኩሬውን ሲያርሱት ተመልክቷል። የከመሩት በረዶ በድርቆሽና በሳንቃ ተሸፈነ። በሐምሌ ክዳኑ ተነሥቶ ከፊሉ ተወሰደ፣ የቀረው ፀሐይ ላይ ተጣለ። ቶሮ እንደጻፈው ያ የተጣለው ክምር ጨርሶ ያልቀለጠው እስከ መስከረም 1848 ድረስ ነው።

አሁን ወደ ቤት ደጃፍ እንምጣ፤ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የአሜሪካ ከተማ ቤት ሁሉ የበረዶ ሣጥን ነበረው ማለት ይቻላል። ውስጡ በብረት የተለበጠ የእንጨት ቁም ሣጥን ነው፤ በረዶው ላይ፣ ወተቱና ሥጋው ታች፣ ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ የሚቀበል ሳፋ። ሳፋውን መድፋት የረሳ ልጅ ጠዋት ወለሉ ጎርፎ ያገኘዋል። እመቤቲቱ ስንት እንደምትፈልግ ለመናገር ደጅ አትወጣም፤ መስኮቷ ላይ በአራቱ ጎን 25፣ 50፣ 75 እና 100 የተጻፈበት ካርድ ትሰቅላለች። ወደ ላይ የዞረው ቁጥር የዕለቱ ትእዛዝ ነው፣ በፓውንድ። በረዶ አዳዩ ከጋሪው ላይ አንብቦ ይቆርጣል፣ በብረት ጉጠት ይዞ፣ ትከሻው ላይ ቆዳ ጣል አድርጎ ኩሽና ድረስ ይዘልቃል። አራተኛ ፎቅ ከሆነ አራተኛ ፎቅ ድረስ! የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ፍርፋሪ ለመልቀም ጋሪውን ይከተላሉ።

ይህ ሰው ብርዱ ሲመጣ ምን ይበላል? መልሱ ሱቁ ላይ ተጽፎ ይገኝ ነበር፦ "በረዶና ከሰል"። ኒውዮርክ ውስጥ ከጣሊያን የመጡ ስደተኞች ምድር ቤት ተከራይተው በረዶ፣ የድንጋይ ከሰልና የማገዶ እንጨት ይሸጡ ነበር። ጋሪው ያው፣ ፈረሱ ያው፣ ደረጃው ያው፤ ከሁሉም በላይ ደንበኛዋ ያችው ናት። በሐምሌ ኩሽናዋን ያቀዘቀዘላት ሰው በጥር ያሞቅላታል። ሌላ ሙያ አልተማረም፤ የተማረው የማንን በር እንደሚያንኳኳ ነው፣ እሱን ደግሞ በበጋው ያውቀዋል። ለእኔ የታሪኩ ብልኅ ሰው ከቱዶር ይልቅ ይህ ከምድር ቤት የሚወጣው ጥቁር ትከሻ ነው። ስሙን ግን የጻፈለት የለም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ አዝመራውን የሚያጭዱት አሉ። በሃድሰን ወንዝ ዳር ብዙ የጡብ ፋብሪካዎች ነበሩ። ጭቃው ሲጋገር ፋብሪካው ይዘጋል፣ ሠራተኛው ይበተናል። ወንዙ ሲጠነክር ያው ሰው ወደ በረዶው ይሄዳል፤ ገበሬውም ሥራ የፈታ ፈረሱን ይዞ ይመጣል። ሥራው የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ነው። መጀመሪያ የበረዶው ውፍረት ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሆን ይጠበቃል። ላዩ ላይ የሚወርደው አመዳይ እንደ ጥጥ ስለሚያሞቀው ሁልጊዜ ይጠረጋል። ፈረስ ሰርጎ የገባ እንደሆነ የሚጎትቱበት ገመድ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። አንድ ሞቃት ሳምንት ከመጣ ደግሞ ሁሉም ቤቱ ይገባል፣ ያለ ደመወዝ። "ብርዱን በሚገባ ተጠቀሙበት" ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ባለመጋዘኑ ተጠቅሞበታል፤ የጡብ ሠራተኛው ግን ብርዱን አለፈው ቢባል ይሻላል።

የ1889 እና የ1890 ብርድ ሳይበርድ አለፈ። ሃድሰን አልረጋም። የዚያ ዓመት በጋ በረዶ ከሜይን ወንዞች፣ አልፎም ከኖርዌይ በመርከብ መጣ፤ መጋዘኑ የሞላለት ነጋዴም የፈለገውን ዋጋ ጠራ። ይህን ያየ የሜይን ተወላጅ ነበር፣ ቻርለስ ሞርስ። በ1899 ኩባንያዎቹን አሰባስቦ "አሜሪካን አይስ ካምፓኒ" የሚባል አንድ ትልቅ ድርጅት አቋቋመ። በ1900 ጸደይ የኒውዮርክ መቶ ፓውንድ በረዶ ከ30 ወደ 60 ሳንቲም ዘለለ። ድሆች የሚገዟት የአምስት ሳንቲም ቁራጭም ቀረች። የአምስት ሳንቲሟ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ፤ በጠባብ ኪራይ ቤት የሚኖር ሕፃን ወተት ሳይበላሽ የምታሳድር እሷ ነበረች። ጋዜጦች ቆፈሩ (ሙያዬ የሚያኮራኝ እንዲህ ሲሆን ነው)፤ ከንቲባው ሮበርት ቫን ዋይክ ራሳቸው የኩባንያው ባለአክሲዮን ሆነው ተገኙ። ጩኸቱ ሲበረታ ዋጋው ወረደ፤ የከንቲባው ስም ግን ከዚያ በኋላ አልጠራም። ጋሪ የሚነዳው አዳይ በዚህ ሁሉ መሐል ምን ማድረግ ይችል ነበር? ምንም። በጥር መጋዘን ያልነበረው ሰው በሐምሌ ዋጋ አይተምንም። ደረጃ ላይ የሚሰደበው ግን እሱ ነው።

ፍጻሜውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ኩሽናችን ውስጥ ቆሞ እህህ ይላል። በፋብሪካ የሚሠራ በረዶ የኩሬውን ገበያ ወሰደ፣ በ1927 ደግሞ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በብዙ ቤት የገባውን የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣውን አወጣ። ባዶ ከቀሩት የሃድሰን መጋዘኖች አንዳንዶቹ እንጉዳይ ማብቀያ ሆኑ፤ ጨለማና ቅዝቃዜ ለእንጉዳይ ይስማማዋልና።

በዚያው በ1927 ዳላስ ቴክሳስ ውስጥ ሳውዝላንድ አይስ የሚባል ኩባንያ ነበር። ከበረዶ መሸጫዎቹ ባንዱ የሚሠራ ሰው ደንበኛው በረዶ ሊገዛ ሲመጣ ወተት፣ ዳቦና እንቁላልም ቢያገኝ ደስ እንደሚለው አስተዋለና ከበረዶው ጎን ደረደረለት። ሌሎቹ ሱቆች ሲዘጉ የእሱ ክፍት ነው። ኩባንያው ነገሩን ወደ ሌሎቹ መሸጫዎች አስፋፋው፣ በ1946 ደግሞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አምስት ሰዓት ክፍት መሆናቸውን ለማሳወቅ በፈረንጆቹ ሰዓት "ሰቨን ኢለቨን" ብሎ ሰየማቸው። ዛሬ በብዙ አገር ያሉት ሰቨን ኢለቨኖች ከዚያ የመጡ ናቸው። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ገብታችሁ እዩ፤ በላስቲክ የታሸገ በረዶ አሁንም ይሸጣሉ።