ትእዛዝ መሣሪያውን ከማን ይቀበላል?
ስለ ሼል ትእዛዞች አሠራር አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

በአዳማ፥ በሞጆ፥ በባቱና በሻሸመኔ ጋሪ የሚሠራ አናጢ ፈረሱን ከጋሪው ጋር አይሠራም። ከፊት ሁለት ረጃጅም እንጨት ያወጣለታል፤ ፈረሱን የሚያቀርበው ባለጋሪው ነው። ፈረስ ሲደክም በሌላ ይለወጣል። አናጢውም ሥራውን ለመሞከር ሲፈልግ እንጨቱን ይዞ በእጁ ይጎትተዋል እንጂ ያልተገራ ፈረስ አያስርበትም። ይህን የዘወትር ብልሃት ከኮምፒዩተር ሙያ ጋር ማነጻጸራችን አንባቢን ያስገርም ይሆናል፤ ዳሩ ግን ነገሩ አንድ መሆኑን ከዚህ በታች ለማስረዳት እንሞክራለን።

ወደዚህ ምርመራ የመራን መጽሐፍ ሳይሆን የራሳችን ጥፋት ነው። በአንድ የስምጥ ሸለቆ ከተማ የውሃ ቆጣሪ ንባብ ለሚመዘግብ ክፍል የወሩን ሒሳብ በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚያወጣ ፕሮግራም ሠርተን ነበር። ትእዛዙ የመረጃ ቋቱን አድራሻ በሆዱ ይዞ ነበርና ራሱ ከፍቶ፥ ራሱ አንብቦ፥ ራሱ ይጽፍ ነበር። ለሙከራ ያህል የሐሰት ቁጥር ብንሰጠው ሌላ የሚጽፍበት ስፍራ ስላልነበረው በእውነተኛው መዝገብ ላይ ጻፈ። ቧንቧው ከደረቀ የሰነበተ ቤት ሳይቀር ባለዕዳ ሆነ። ከወረቀቱ ደብተር እያነበብን መዝገቡን ለማቃናት ሦስት ቀን ፈጀብን። ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ትእዛዝ ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያ ራሱ ፈልጎ ማምጣት ይገባዋልን? ወይስ ከሚያዘው መቀበል?

የሼል ትውልድ

ሼል ማለት በሰውና በኮምፒዩተር መካከል ቆሞ የተጻፈለትን ቃል ተቀብሎ ፕሮግራሙን የሚጠራ አገናኝ ነው። ስሙን ያወጣለት በ1960ዎቹ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ፈረንሳዊው ሉዊ ፑዛን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1971 ኬን ቶምፕሰን በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ለዩኒክስ በሠራው ሼል ውስጥ ትልቅ ቁም ነገር ገባ። ለምሳሌ ሶርት የሚባለው ትእዛዝ መስመሮችን በተራ ይደረድራል፤ ነገር ግን መስመሮቹ ከፋይል ይምጡ ወይም ከሰው ጣት አይጠይቅም። ፋይሉን የሚከፍተው ሼሉ ነው፤ ትእዛዙ የተሰጠውን ብቻ ያነባል። ዳግላስ ማክኢልሮይ ደግሞ ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ እርስ በርሳቸው ሊቀጣጠሉ እንደሚገባ በ1964 ጽፎ ነበር። ሐሳቡ በ1973 ፓይፕ በሚባለው ዘዴ በዩኒክስ ተፈጸመ። በ1979 በወጣው የስቲቨን ቦርን ሼል ዘመን ደግሞ ጠሪው ለተጠሪው በስም የተለዩ ዋጋዎችን ማውረስ ቻለ።

ከዚህ የምንረዳው፥ መሣሪያን ከውጭ የመስጠት ሥርዓት ስሙ ከመውጣቱ ከ30 ዓመት በፊት በሼል ውስጥ ይሠራበት እንደ ነበር ነው።

ስሙ እንዴት እንደ ወጣ

ፕሮግራሞች እየሰፉ በሄዱ ጊዜ ግን ትእዛዝ የሚፈልገው የጽሑፍ መስመር ብቻ አልሆነም። የመረጃ ቋት፥ ሰዓት፥ መልእክት ላኪም አስፈለገው፤ ጸሐፊዎቹም እነዚህን ሁሉ በትእዛዙ ሆድ ውስጥ መፍጠር ጀመሩ። ይህ ችግር በጃቫ ቋንቋ በሚሠሩት ዘንድ ብዙ ክርክር ካስነሣ በኋላ፥ ማርቲን ፋውለር በጥር 2004 ባወጣው ጽሑፍ ዘዴውን ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ብሎ ሰየመው። ትርጓሜውም አንድ ክፍል የሚደገፍበትን መሣሪያ ራሱ ሳይፈጥር ከውጭ መቀበሉ ነው። ዋነኛው መንገድ ክፍሉ በሚፈጠርበት ሰዓት፥ በኮንስትራክተሩ በኩል፥ መሣሪያውን ማስረከብ ነው።

ፓወርሼልና እንቅፋቱ

ጄፍሪ ስኖቨር በ2002 ሐሳቡን ጽፎ በ2006 ማይክሮሶፍት ያወጣው ፓወርሼል፥ በትእዛዞች መካከል ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የተሟላ ዕቃ እንዲተላለፍ አደረገ። በ2016 ኮዱ ለሁሉ ተከፍቶ በሊኑክስም ላይ መሥራት ጀመረ። በዚህ ሼል ሰው የራሱን ትእዛዝ በሲ ሻርፕ ቋንቋ እንደ ክላስ ሊሠራ ይችላል።

እንቅፋቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ትእዛዙን የሚፈጥረው ሼሉ ራሱ ነው፤ የሚፈጥረውም ምንም በማይቀበል ኮንስትራክተር ነው። ስለዚህ በፍጥረቱ ጊዜ መሣሪያ የምናስረክብበት በር ዝግ ነው። ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ ተስፋ ቆርጠው የመረጃ ቋቱን በትእዛዙ ውስጥ ይከፍታሉ፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነበር።

መፍትሔው ትእዛዙን ማቅጠን ነው። ትእዛዙ የተጠቃሚውን ቃል ተቀብሎ መሣሪያዎቹን በአንድ ስፍራ ከገጣጠመ በኋላ፥ ሥራውን ለሌላ ክላስ ያስረክባል። ሒሳቡን የሚያወጣው ያ ውስጣዊ ክላስ ነው፤ አንባቢውን፥ ጸሐፊውንና ሰዓቱን በኮንስትራክተሩ ይቀበላል። ለሙከራም ሼል ሳያስፈልገው ብቻውን ሊፈጠር ይችላል።

እኛም ትእዛዛችንን እንዲህ ከፍለን ሠራነው። ለሙከራ የአምስት ደንበኞች ዝርዝር በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ብቻ ሰጠነው፤ እውነተኛው መዝገብ አልተነካም። ከሁሉ የጠቀመን ግን ሰዓቱን ከውጭ መስጠታችን ነው። የአገራችን ዓመት 13 ወር አለው፤ ጳጉሜን 5 ቀን፥ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 6 ቀን ናት። ትእዛዙ ቀኑን ከኮምፒዩተሩ ራሱ ይጠይቅ በነበረ ጊዜ ይህን ለመፈተን ጳጉሜን እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ይሆን ነበር። አሁን ግን በታኅሣሥ ወር ተቀምጠን ጳጉሜን 6ን ሰጠነው፤ የጳጉሜንን ቀኖች እንደ ሙሉ ወር ቈጥሮ ሲያስከፍል ስሕተቱን ያዝነው።

መደምደሚያ

ይህ ዘዴ ለሁሉ ይገባል አንልም። አንድ መስመር ብቻ ለሚያትም ትእዛዝ ሸክም ይሆንበታል፤ ክፍሎቹ ሲበዙም አዲስ አንባቢ መሣሪያው ከየት እንደ መጣ ለማግኘት ይደክማል። ነገር ግን ትእዛዙ የሰው ገንዘብና የሰው ስም ያለበትን መዝገብ የሚነካ ከሆነ፥ ድካሙ ከሦስት ቀን ደብተር ማንበብ ይቀላል። በአዳማም ሆነ በሌላው የስምጥ ሸለቆ ከተማ ይህን ሙያ የሚጀምር ተማሪ አስቀድሞ ይህን ይጠይቅ ዘንድ እናሳስባለን፤ ትእዛዜን ያለ እውነተኛው መዝገብ ላንቀሳቅሰው እችላለሁን? አልችልም ካለ፥ ፈረሱን ከጋሪው ጋር በሚስማር መትቶታል ማለት ነው።