የቤት ኮምፒዩተርን ስለ ማስፋትና ስለ መጠገን፤ የደቡብ ኦሞ ቋንቋዎችም በዚህ ታሪክ ስላላቸው ስፍራ

የቤት ኮምፒዩተር ከሚባሉት ቀዳሚ መሣሪያዎች አንዱ የሆነው አፕል ሁለት እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ በወጣ ጊዜ በመስተዋቱ ላይ ሊያሳይ የሚችለው 64 ምልክት ብቻ ነበር። የእንግሊዝኛው ትንሹ ፊደል እንኳ አልነበረውም። እንዲህ ያለው መሣሪያ ለአገራችን ፊደል እንዲበቃ ምን እንደተደረገ፣ በጂንካ የቅዳሜ ገበያ የሚሰሙት ቋንቋዎችም በዚህ ሥራ ምን ስፍራ እንዳገኙ በዚህ አጭር ጽሑፍ እንመረምራለን። ነገሩ ለደቡብ ኦሞ ሰው ሩቅ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን እንደዚያ አናምንም።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ቈ፣ ኈ፣ ኰ፣ ጐ ከነዝርዝራቸው 20፣ የግዕዝ ቁጥሮችም 20 ናቸውና ድምሩ 271 ይደርሳል፤ ሏ፣ ሟ፣ ቧ የመሳሰሉትና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ግን ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ይመድብ ስለ ነበር ከ256 በላይ ስፍራ አልነበረውም። ከዚህ ቀድሞ ኢንጂኒየር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲያዘጋጁ የገጠማቸው ችግር ከዚህ የራቀ አልነበረም። በጽሕፈት መኪና ፊደሉን ከቁርጥራጭ መገጣጠም ግድ ሆነ፤ ፊደሉ ይቀነስ የሚለውም ክርክር ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተነሥቷል።

ይሁን እንጂ ጠባቡ መኪናው እንጂ ፊደሉ እንዳልሆነ የተረዱ ሰዎች ነበሩ። በአሮጌው ኮምፒዩተር ውስጥ የፊደሎቹ መልክ በነጥብ በነጥብ ተስሎ የሚቀመጠው በአንዲት ቺፕ ነው። የአፕል ሁለት ባለቤቶች ይህችን ቺፕ ከሶኬቷ ነቅለው፣ በትንሽ ማገናኛ ሰሌዳ ላይ ሌላ ቺፕ በመትከል ትንሹን ፊደል ጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 ደግሞ የፊደሉን መልክ ከሜሞሪው እንዲያነብ ማዘዝ ይቻል ስለ ነበር ብየዳ ሳያስፈልግ 256 አዲስ ምልክት ይቀበል ነበር። ለእያንዳንዱ 8 ባይት፣ በጠቅላላው 2 ኪሎባይት ይበቃዋል። ነገር ግን በ8 በ8 ነጥብ ውስጥ ጬን ከጨ ለይቶ መሳል ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ በካሬ ወረቀት ላይ የሞከረ ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀን የአንድ የታይላንድ ተማሪ ታሪክ ነው። ቫን ሱዋኑኩል በአሜሪካ ሲማር የመመረቂያ ጽሑፉን በአገሩ ፊደል በአይ ቢ ኤም ኮምፒዩተር ለመጻፍ ፈለገ፤ የመኪናው የጽሑፍ ካርድ ግን ከተወሰነለት 256 ምልክት አይወጣም ነበር። እርሱም ፊደሉን በመቀነስ ፈንታ 720 በ348 ነጥብ የሚስል የራሱን ካርድ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1982 ሄርኩለስ በሚል ስም የተሸጠው ይህ ነው። በ1986 የወጣው ተከታዩ ካርድ እስከ 3,072 የሚደርሱ ምልክቶችን ይይዝ ነበር።

በእኛ ፊደል በኩል በ1980ዎቹ በአሜሪካ የሚኖሩት ፍሥሓ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ የታወቁ ናቸው። ማን ቀደመ በሚለው ክርክር ለመግባት አንፈልግም። ለጽሑፋችን የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በዚያ ዘመን እያንዳንዱ አዘጋጅ ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ስለ ሰጠ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር።

ወደ ደቡብ ኦሞ እንመለስ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በፊደል ያስተማረባቸው ቋንቋዎች 15 ደርሰው ነበር፤ ከእነዚህ ግን የአሪ፣ የሐመር፣ የማሌም ሆነ የሙርሲ ቋንቋ አልነበረም። በአሪኛና በሐመርኛ አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚነገሩ ድምፆች አሉ። ለእንዲህ ያለ አንድ ድምፅ አንድ ፊደል ቢጨመር ሰባት ስፍራ ይፈልጋል፤ 256ቱን ስፍራ ደግሞ አማርኛው ብቻውን አጣቦታል። ስለዚህ ጥበቱ በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 345 የኢትዮጵያ ምልክቶችን ሲቀበል ስፍራ ተገኘ፤ ከደቡብ ኦሞ ጋር ለሚዋሰነው ለባስኬቶ፣ እንዲሁም ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮና ለጉሙዝ የሚያስፈልጉት 32 ተጨማሪ ፊደላት የገቡት ግን በ2010 ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ተመራማሪ ከእነዚህ ቋንቋዎች ቃል ሰብስቦ በራሱ ቁጥር በፍሎፒ ዲስክ ጽፎ ከሆነ፣ ያን ለማንበብ አሮጌውን መኪና ማዳን ያስፈልጋል። ሥራውም የጂንካ ራዲዮ ጠጋኝ ከለመደው እጅግ የራቀ አይደለም። የኮሞዶር 64 የኃይል ሣጥን ሲያረጅ ከ5 ቮልት በላይ ሰጥቶ የሜሞሪ ቺፖችን ያቃጥላልና ሳይለኩ መሰካት አይገባም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ከሠረ ምትክ ቺፕ የሚገኘው በአብዛኛው ከሞቱ መኪናዎች ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በተሠሩ አይ ቢ ኤም መሰል ኮምፒዩተሮች ላይ የተበየደው ባትሪ ፈሶ የመዳብ መስመሩን ይበላል። ባትሪው ተቆርጦ ይወጣል፣ ስፍራው በኮምጣጤ ይታጠባል፣ የተበጠሰውም በቀጭን ሽቦ ይቀጠላል።

የፊደሉ መልክ ተጽፎባት በአናቷ መስኮት ያላት ቺፕ ግን ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ትሻለች። ቀጥተኛ ፀሐይ በአንድ ሳምንት ያህል ጊዜ ይደመስሳታልና መስኮቷ በጥቁር ወረቀት መሸፈን አለበት። መኪናው ከመበየዱ በፊት እርሷን መቅዳት ይቀድማል፤ በየትኛው ቁጥር ላይ የትኛው ፊደል እንደተሳለ የምታሳየው እርሷ ናትና፣ በዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ የሚመለሰው በዚህ ሠንጠረዥ ነው።